ድምፅ ከደም ነው ወይስ ከኑሮ?

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን በጥናት ክበባችን ውስጥ የተነሣና ሁለት ስብሰባ ሙሉ የፈጀ ክርክር ነው። የክርክሩ መነሻ ደግሞ ከአባሎቻችን በአንዱ ቤተሰብ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ይህ አባላችን ጎንደር ከእናታቸው ጋር የሚኖር መንታ ወንድም አለው። በልጅነታቸው ፈጽሞ የማይለዩ ስለ ነበሩ የአንዱን ጥፋት ሌላው ይገረፍበት ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት ወደ ቤታቸው ስልክ ተደወለ። ደዋዩ እያለቀሰ፣ እኔ ነኝ፣ እዚህ ፖሊስ ይዞኛል፣ እስከ ነገ ገንዘብ ካልተከፈለልኝ እታሰራለሁ አለ። ወንድምየው ሰማና፣ «ድምፁ የእሱ ነው፤ የራሴን ድምፅ አላውቅም እንዴ?» ብሎ ሲነጋ ከጎረቤት ተበድሮ ገንዘቡን በታዘዘው መንገድ ላከ። እናታቸው ግን ስልኩን ተቀብለው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ «ይሄ የኔ ልጅ አይደለም፤ የኔ ልጅ ሲጨንቀው ድምፁ ይጠፋል እንጂ እንዲህ አይንጫጫም» ብለው ነበር። የሰማቸው አልነበረም። አባላችን በዚያ ሌሊት በመኝታ ክፍሉ ተኝቶ ነበር። ገንዘቡ አልተመለሰም፤ ደዋዩም ማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ነገሩ በስብሰባ ላይ ሲነገር አባላት በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን፣ ድምፅ እንደ መልክ በደም የሚወርድ ነው፤ ስለዚህ ከመንታ ወንድም የበለጠ ፈራጅ ሊኖር አይችልም፤ ወንድምየው ከተታለለ ማንም ይታለላል አለ። ሁለተኛው ወገን፣ ድምፅ ከአካባቢና ከአስተዳደግ የሚገኝ ነው፤ እናትየው የለዩት ሥጋውን ሳይሆን ጠባዩን ነው ሲል ተከራከረ። በመካከሉ አንድ ጓደኛችን፣ «አንድን ሰው እንዳለ ቢገለብጡት፣ ማለት ክሎን ቢያደርጉት፣ ድምፁ ያው ይሆናል ወይ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ለቀልድ የተወረወረ ቢመስልም ነገሩን በሚገባ የሚያጠራ ሆኖ አግኝተነዋል። ምክንያቱም ሁለቱ ሰዎች በጂን አንድ ከሆኑ፣ በድምፃቸው መካከል የሚገኘው ልዩነት ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ መሆን አለበት።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክሎን ምንድን ነው?

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ቅርንጫፍ ወይም ቀንበጥ ማለት ነው። በአማርኛ የጸና ስም ገና ስላልወጣለት ክሎን እያልን እንጽፋለን። ነገሩ ግን ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም። የጉራጌ ወይም የሲዳማ ገበሬ እንሰት ሲያባዛ ዘር አይዘራም። ወጣቱን ተክል ቆርጦ የአሚቾውን መሐል ይቦረቡርና በአፈር ይቀብረዋል፤ ከወራት በኋላ ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ይወጣል። እነዚያ ችግኞች ከአባትና ከእናት የተደባለቁ ሳይሆኑ የዚያው የአንዱ ተክል ግልባጮች፣ ማለትም ክሎኖች ናቸው። ሆኖም አንዱ ፍግ በበዛበት ጓሮ፣ ሌላው በደረቅ ዳገት ላይ ቢተከል ከስድስት ዓመት በኋላ ሁለቱን አይቶ ወንድማማች ናቸው የሚል የለም።

በእንስሳት በኩል በሰፊው የታወቀችው ዶሊ የተባለችው በግ ናት። በስኮትላንድ በሮዝሊን ተቋም ጁላይ 5 ቀን 1996 ተወለደች። ከአንዲት የ6 ዓመት በግ ጡት ሕዋስ ተወስዶ፣ አስኳሉ ከወጣለት የሌላ በግ እንቁላል ጋር ተዋሐደ፤ ከዚያም በሦስተኛ በግ ማኅፀን አደገ። ከ277 ሙከራ በሕይወት የተወለደችው እርሷ ብቻ ነበረች። ለእኛ በአካባቢ የምትቀርበው ግን ኤፕሪል 8 ቀን 2009 በዱባይ የተወለደችው ኢንጃዝ የተባለች ግመል ናት፤ በዓለም የመጀመሪያዋ የግመል ክሎን መሆኗ ነው። ሕዋሱ የተወሰደው በ2005 ለሥጋ ከታረደች ግመል ነበር። ከዚያ ወዲህ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለእሽቅድምድምና ለቁንጅና ውድድር ታዋቂ ግመሎችን መገልበጥ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። ሰውን በዚህ መንገድ ገልብጦ ያስወለደና ሥራውን በማስረጃ ያረጋገጠ ማንም የለም። ስለዚህ ስለ ሰው ክሎን የምንናገረው ከእንስሳትና ከመንትዮች ተነሥተን ነው።

ክሎን በሁሉ ነገር ግልባጭ አለመሆኑን ቶሎ ያሳየችው ዲሴምበር 22 ቀን 2001 በቴክሳስ የተወለደች አንዲት ድመት ናት። እናቲቱ፣ ማለት ሕዋሷ የተወሰደባት ድመት፣ ነጭ፣ ጥቁርና ብርቱካንማ ቀለም ነበራት። ክሎኗ ግን ያለ አንዳች ብርቱካን ቀለም፣ ነጭና ግራጫ መሳይ ዥንጉርጉር ሆና ወጣች። ምክንያቱ በሴት ድመት ሕዋስ ውስጥ ካሉት ሁለት ኤክስ ክሮሞሶሞች አንዱ ገና በፅንስነት ዝም ስለሚል ነው፤ የትኛው ዝም እንደሚል ደግሞ በየሕዋሱ በአጋጣሚ ይወሰናል። ጂኑ አለ፣ ግን አይናገርም። ያንኑ ድመት መልሶ ለማግኘት ብሎ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በእንቁላሉ ውስጥ ከአስኳሉ ውጭ የሚገኘው ማይቶኮንድሪያ 37 የራሱ ጂኖች ያሉት ሲሆን፣ ክሎኑ እነዚህን የሚያገኘው እንቁላሉን ከሰጠችው እንጂ ከተገለበጠው አይደለም። ተመሳሳይ መንትዮች ግን ከአንድ እንቁላል ስለሚከፈሉ ይህንንም ይጋራሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው ከሚያስበው በተቃራኒ፣ ከሺህ ወሊድ ውስጥ በአራቱ ገደማ የሚገኙት ተራ መንትዮች ከማንኛውም የቤተ ሙከራ ክሎን ይልቅ እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ። የጎንደሩ ቤተሰብ ያለ ምንም ቤተ ሙከራ ጥያቄያችንን በቤቱ ይዞት ነበር ማለት ነው።

መሣሪያውና ጨዋታው

ድምፅ እንዴት ይወጣል? ሳንባ አየር ይገፋል፤ አየሩ በማንቁርት ውስጥ ባሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች መካከል ሲያልፍ ያርገበግባቸዋል። የአንድ ጎልማሳ ወንድ አውታሮች ሲናገር በሴኮንድ 110 ጊዜ ያህል፣ የሴት 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። ይህ ጥሬ ድምፅ ገና እንደ ዝንብ ጥዝታ ነው። ከማንቁርት እስከ ከንፈር ያለው፣ በወንድ 17 ሴንቲ ሜትር በሴት 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው ባዶ ቦታ ነው ለድምፁ መልክ የሚሰጠው። ክራርን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ አውታሩ ድምፁን ያመነጫል፣ ሣጥኑ ያጎላዋል፣ ይለውጠዋል።

በዚህ በኩል የመጀመሪያው ወገን ያቀረበው ክርክር በከንቱ የሚጣል አይደለም። የአውታሩ ርዝመትና ውፍረት፣ የላንቃው ቅስት፣ የመንጋጋው ስፋት፣ የአፍንጫው ዋሻ ሁሉ በአብዛኛው የሚወረስ ነው። በ2023 ከአይስላንድ የወጣ ጥናት ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ድምፅ መዝግቦ ከጂናቸው ጋር በማነጻጸር፣ ኤቢሲሲ9 በተባለው ጂን ላይ የሚገኝ ልዩነት በወንድም በሴትም ከድምፅ መቅጠን ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ተመሳሳይ መንትዮች በድምፃቸው ቅጥነትና ውፍረት ከተራ ወንድማማቾች ይልቅ እንደሚቀራረቡም በተደጋጋሚ ተለክቷል። ሳልና ሣቅማ ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ሳያስተምረን የምናወጣቸው ስለሆኑ የቤተሰብ ምልክታቸው ጎልቶ ይሰማል። አንዱ አባላችን በአያቱ ሣቅ እንደሚስቅ ሁላችንም ሰምተናል፤ አያቱን ያወቀ የአገሩ ልጅ መስክሮበታል።

እንግዲህ ክሎኑ የሚወርሰው ክራሩን ነው። ግን ክራሩም ቢሆን በእጁ የሚገባው እንደ ተጠናቀቀ ዕቃ አይደለም። የአርባ ዓመት ሰው ዛሬ ቢገለበጥ የሚገኘው ሌላ የአርባ ዓመት ሰው ሳይሆን ጨቅላ ሕፃን ነው። የሁለቱን ድምፅ በእኩል ዕድሜ ለማነጻጸር የመጀመሪያውን በሃያ ዓመቱ የቀዳ ካሴት ማስቀመጥና ሌላ ሃያ ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚያ መካከል ክሎኑ የበላው ምግብ፣ ድምፁ የጎረመሰበት ዕድሜ፣ ያጨሰው ሲጋራ፣ የታመመው ጉሮሮ፣ እንደ ገበያ ደላላ ሲጮህ ወይም እንደ ደብተራ ሲያዜም የኖረበት ሙያ ሁሉ አውታሩን ይሠራዋል ወይም ያበላሸዋል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ደግሞ ገና ከመወለዱ በፊት ነው። ፅንስ በመጨረሻዎቹ ወራት የእናቱን ድምፅ ይሰማል። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት 30 የፈረንሳይና 30 የጀርመን ጨቅላዎችን በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልቅሷቸውን ቀድቶ መርምሮ ነበር። የፈረንሳዮቹ ልቅሶ ወደ ላይ የሚወጣ፣ የጀርመኖቹ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ዜማ ነበረው፤ ይህም የየቋንቋቸው ዜማ ነው። ሕፃን ልቅሶውን እንኳ ሳይቀር ከሰማው ይጀምረዋል ማለት ነው። መንትዮች በአንድ ማኅፀን አንድ እናት ይሰማሉ። ክሎን ግን በሌላ ሴት ማኅፀን፣ በሌላ ዘመን፣ ምናልባትም በሌላ ቋንቋ ይፀነሳል። እንግዲህ የመጀመሪያዋን ልቅሶ ሲያለቅስ እንኳ ከተገለበጠው ሰው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጨዋታው እንምጣ። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ተገለበጠ እንበል፤ ክሎኑም ካይሮ ውስጥ በግብፃውያን ቤት አደገ። የመጀመሪያው ሰው ጠን፣ ጨን፣ ጰን ሲናገር አውታሮቹን ዘግቶ ማንቁርቱን ወደ ላይ ይገፋል፤ ይህን መቼ እንደ ተማረው አያውቅም። የካይሮው ክሎን ይህን አያደርግም፤ ጠን በላቸው ቢሉት የሚያወጣው የዓረቡን «ጣ» ነው። በምትኩ ከጉሮሮው ሥር «ዓይን» እና «ሓ» ያወጣል። በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። እኛ በፊደላችን ዐ እና ሐ አሉን፤ በትግርኛ ዛሬም በድምፃቸው ይነገራሉ፤ በአማርኛ ግን ከአ እና ከሀ ጋር ተቀላቅለው ለጽሕፈት ብቻ ቀርተዋል። በመጀመሪያው የዓረብኛ ትምህርት ወር ዓይንን ለማውጣት ስንታገል ያሳለፍነውን ሥቃይና መምህሩ ያሳለፈውን ሣቅ የማያስታውስ የለም። ያ ሁሉ ችግር የመጣው ጉሮሯችን ከትግርኛ ተናጋሪው ወይም ከዓረቡ ጉሮሮ የተለየ ሆኖ ስለተፈጠረ አይደለም። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት የየትኛውንም ቋንቋ ድምፆች ለመለየት እንደሚችል፣ በአንድ ዓመቱ ገደማ ግን በቤቱ የማይሰማቸውን መለየት እንደሚያቆም ከ1984 ጀምሮ በሙከራ ታውቋል። ጉሮሯችን ቤታችን የጠየቀውን ብቻ ተማረ።

ይህ የፊደል አነባበብ ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ድምፁ ራሱስ፣ ቅጥነቱና ውፍረቱስ? እዚህም ኅብረተሰቡ እጁን ያስገባል። በአውስትራሊያ የ1945 እና የ1993 ወጣት ሴቶች የድምፅ ቅጂዎች ሲነጻጸሩ፣ የቀድሞዎቹ ንግግር በአማካይ በሴኮንድ 229 ርግብግቢት፣ የኋለኞቹ 206 ሆኖ ተገኝቷል። በ48 ዓመት ውስጥ የአንድ ሕዝብ ጂን እንዲህ አይለወጥም፤ የተለወጠው የሴቶቹ ኑሮና ቦታ ነው የሚለው አስተያየት አሳማኝ ነው። በእኛም አገር በሽማግሌ ፊት ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ሙሽራ ስትናገር እንዳትሰማ መጠንቀቅ፣ በተቃራኒው ከገደል ወዲያ ማዶ መጣራት፣ ሁሉም የሚለመድ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዝቅ ብሎ የተናገረ ሰው ሌላ ድምፅ እንዳለው ራሱም ሊያውቅ አይችልም።

የሰው ነገር በቋንቋ ስለሚወሳሰብ ወደ ፍየል እንመለስ። በ2012 የታተመ ጥናት ግልገሎች በየቡድናቸው ሲያድጉ ጩኸታቸው ከቡድን ጓደኞቻቸው ጋር እየተመሳሰለ እንደሚሄድ አሳይቷል። በአባት የሚገናኙ ግልገሎች በተለያየ ቡድን ሲያድጉ በጩኸታቸው ይለያያሉ። ፍየል እንኳ የሠፈሯን አነጋገር ታነሣለች! ለብዙ ጊዜ ፍየልና በግ ጩኸታቸውን ከተፈጥሮ ብቻ እንደሚያገኙ ይታመን ስለ ነበር፣ ይህ ለሁለተኛው ወገን ትልቅ ድጋፍ ሆኖለታል።

ድምፅ አንድ ጊዜ ከተሠራም በኋላ አይቆምም። የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሣቤጥ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በየገና በዓሉ ያሰሙት ንግግር ተለክቶ፣ አናባቢዎቻቸው ቀስ በቀስ ወደ ተራው ሕዝብ አነጋገር መጠጋታቸው በ2000 ታትሟል። እንዲሁም በአንታርክቲካ ክረምቱን አብረው ያሳለፉ 11 ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ አነጋገራቸው እርስ በርሱ መቀራረብ ጀምሮ እንደ ነበር በ2019 ተገልጿል። እኛ እዚህ አራትና አምስት ዓመት እየተቀመጥን፣ በግማሽ ዓረብኛ በግማሽ እንግሊዝኛ እየዋልን፣ ወደ አገር ቤት ስንደውል «ድምፅህ ተለወጠ» ብንባል ልንቀየም አይገባም። መንታው አባላችን እናቱ ይህን ካሉት ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ወንድሙ ግን አንድም ቀን አላስተዋለም፤ ምክንያቱም በጆሮው የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነበር።

ታዲያ ስለ ምን ተታለለ?

በከፊል ጥፋቱ የስልኩ ነው። የቀድሞው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በታችና በላይ ያለውን ይቆርጠዋል። የወንድ ድምፅ መሠረት 110 ገደማ ስለሆነ ከመስመሩ ውጭ ይቀራል፤ ጆሯችን ከቀረው ተነሥቶ ራሱ ይሞላዋል። በሚሞላበት ጊዜ ደግሞ የሚጠብቀውን ሰው ያስገባበታል። እኩለ ሌሊት፣ ልቅሶ፣ የወንድም ስም ሲጨመርበት ጆሮ የቀረውን ፈጥሮ ያሟላል።

የሚታለለው ሰው ብቻ አይደለም። በ2017 በእንግሊዝ አገር አንድ ጋዜጠኛ፣ ደንበኛን በድምፁ ለይቶ በሚያስገባ የባንክ አገልግሎት ላይ ሙከራ አድርጎ ነበር። መንታ ወንድሙ ብዙ ጊዜ ከተመለሰ በኋላ በመጨረሻ መሣሪያው አምኖት ወደ ወንድሙ ሒሳብ አስገባው። ወንድሙ ደግሞ ተመሳሳይ መንታ እንኳ አልነበረም፤ እንደ ማንኛውም ወንድም የጂኑን ግማሽ ያህል የሚጋራ ነበር። መሣሪያው ክሎን አላስፈለገውም።

ከዚህ የከፋው ሌላው ክሎን ነው። ዛሬ «ድምፅ ክሎን ማድረግ» ሲባል የሚሰማው ሥራ በእንቁላልና በአስኳል የሚደረግ አይደለም፤ በኮምፒዩተር የሚሠራ ነው። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በጃንዋሪ 2023 ከ3 ሴኮንድ ቅጂ ተነሥቶ የአንድን ሰው ድምፅ መስሎ የሚናገር አሠራር አስታውቀዋል። ይህን ከቤተ ሙከራው ክሎን ጋር ብናስተያየው ነገሩ ሁሉ ይገለጣል። የቤተ ሙከራው ክሎን ጂኑን በሙሉ ወስዶ ድምፁን ግን ከዜሮ መማር አለበት። ኮምፒዩተሩ አንድም ጂን ሳይነካ፣ ጉሮሮ ሳይኖረው፣ ከጨዋታው ቅጂ ብቻ ተነሥቶ ድምፁን ያወጣል። ድምፅ በደም ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። በየበዓሉ ለቤተሰብ የምንልካቸው፣ ከእጅ ወደ እጅም የሚተላለፉት የድምፅ መልእክቶች ለዚህ ሥራ የሚበቁ ናቸው። የጎንደሩ ደዋይ በዚህ ተጠቅሞ እንደ ሆነ ማረጋገጫ የለንም፤ በደንብ ማልቀስ የሚችል ሰውም ሊሆን ይችላል። የእናትየው ማስረጃ ግን በሁለቱም ላይ ይሠራል። እሳቸው የፈረዱት በድምፁ ቀለም ሳይሆን ልጃቸው ሲጨንቀው ምን እንደሚሆን በማወቃቸው ነው።

ነገሩ ከገንዘብም ያልፋል። ድምፅ በደም ነው የሚለው እምነት ቢሮክራሲ ውስጥ ሲገባ ሰውን ይጎዳል። የዚህ አካባቢ ጥንታዊ ታሪክ ይህን ያውቀዋል፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ገለዓዳውያን በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ቆመው ሺቦሌት ማለት አቅቶት ሲቦሌት ያለውን ሁሉ ኤፍሬማዊ ነህ ብለው አረዱ። ሽ ማለት ያቃተው በዘሩ ሳይሆን በአደገበት መንደር ነበር። በዘመናችንም ከ1990ዎቹ ወዲህ አንዳንድ የአውሮፓ መንግሥታት ጥገኝነት የሚጠይቀውን ሰው ንግግር በቅጂ አስመርምረው ከየት አገር እንደ መጣ ለመወሰን ሲሞክሩ ቆይተዋል። በ2004 የቋንቋ ሊቃውንት ቡድን ባወጣው መመሪያ፣ ንግግር የሚያመለክተው ሰው በምን ዓይነት ኅብረተሰብ ውስጥ እንዳደገ እንጂ ዜግነቱን አይደለም ሲል አስጠንቅቋል። ኤርትራዊ ወላጆች ኖረውት አዲስ አበባ ያደገ፣ ወይም ከአዲስ አበባ ሰዎች ተወልዶ ካርቱም ያደገ ወጣት በእንዲህ ያለ ቅጂ ፊት ቢቀርብ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ከእኛ መካከልም አሉ።

የድምፅ መርማሪዎች በራሳቸው ላይ የነበራቸው መተማመን አንድ ጊዜ ከልክ አልፎ ነበር። በ1962 አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ ድምፅ እንደ ጣት አሻራ የሰው መለያ ነው ብሎ ስለጻፈ፣ በፍርድ ቤቶች ውስጥ የድምፅ ሥዕል እየተባለ ይቀርብ ጀመር። በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ በፍርድ ቤት ለመገልገል ከፍተኛ ጥንቃቄ እንደሚያሻ አስታወቀ። የጣት አሻራ ከፅንስ ጊዜ ጀምሮ እስከ ሞት አይለወጥም። ድምፅ ግን በጉንፋን፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በፍርሃት፣ ከማን ጋር እንደምንናገርም ይለወጣል። ከእናቱ ጋርና ከመኝታ ቤት ኃላፊው ጋር በአንድ ድምፅ የሚናገር ተማሪ ካለ ይንገረን።

እንግዲህ ለጠያቂው ጓደኛችን የምንሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። ክሎኑ በአንድ ቤት፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ቋንቋ ቢያድግ እንኳ ድምፁ እንደ መንትዮች ድምፅ ቢቀራረብ እንጂ አንድ አይሆንም፤ ከእነርሱም ይልቅ ይራራቃል። በተለየ አገር ቢያድግ፣ ሣቁንና ሳሉን ሰምቶ የሚያውቀው ሰው ሊገኝ ይችላል፤ ሲናገር ግን ሌላ ሰው ነው። የመጀመሪያው ወገን በዚህ ሙሉ በሙሉ አልረካም። ሣቅ ካልተለወጠ ለምን ንግግር ዋና ተደርጎ ይቆጠራል የሚል ጥያቄ አስመዝግበዋል፤ በቀጣዩ ስብሰባ ይታያል።

ለአባላት የሚሆን አንድ ተግባራዊ ውሳኔ ግን በዚያው ምሽት በሙሉ ድምፅ ተላልፏል። እያንዳንዱ አባል ከቤተሰቡ ጋር አንድ ጥያቄና መልስ አስቀድሞ እንዲይዝ፤ ጥያቄው በፌስቡክ ላይ ሊገኝ የማይችል፣ ለምሳሌ የቤት ላም ስም ወይም የቀድሞ ጎረቤት ቅጽል ስም እንዲሆን፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ስልክ ሲመጣ ድምፁ ምንም ቢመስል ተዘግቶ በሚታወቀው ቁጥር መልሶ እንዲደወል። ይህን ለእናቶቻችን ስናስረዳ በጽሑፍ ሳይሆን ቁጭ ብለን በቃል ብንነግራቸው ይሻላል። የጎንደሯ እናት ሲነገራቸው፣ «እኔ ያን ጊዜስ ምን አልኩ?» ብለው ስቀዋል።

መንትዮች የሆናችሁ ወይም መንታ ያላችሁ አባላት ለጥናት ክበቡ ብትረዱን ደስ ይለናል። ሁለታችሁም ያንኑ አንድ ገጽ፣ በየፊናችሁ፣ በአንድ ዓይነት ስልክ አንብባችሁ ብትቀዱልን፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደ ተለያያችሁና በየትኛው አገር እንደ ኖራችሁ ጨምራችሁ ብትጽፉልን፣ በሚቀጥለው ዕትም ከሰማነው እንዘግባለን። ቅጂዎቹ ከክበቡ ውጭ አይወጡም፤ ሥራው እንዳለቀም ይደመሰሳሉ። እስካሁን የተገኙት ሁለት ጥንድ ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ጥንድ ጎንደር ነው፣ እሱም ብድሩን ከፍሎ እስኪጨርስ ቆዩኝ ብሏል።